ድንጋዩ ለወፍ ነበር ወይስ ለውሻው?

ነገሩ የደረሰብኝ አምና ጥቅምት ላይ ነው። ለሰው ስነግረው "ታዲያ ምኑ ያስገርማል? ተርፈሻል፤ አልሐምዱሊላህ በይ" ይለኛል። ብያለሁ። የሆነው ነገር ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ማሽን ላይ ቆሜ እንኳ ድንገት ይመጣብኛል።

የምሠራው ኮምቦልቻ አንድ ክር ፋብሪካ ውስጥ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ዘይነባ አባቷ ሞተውባት ከሐርቡ ወዲያ ወዳለው አገሯ ሄዳ ነበር። በዕረፍት ቀኔ ለቅሶ ልደርሳት ተነሣሁ። ልጄን ሐያትን የምተውለት ሰው ስላልነበረኝ አዘልኳት። ያኔ ገና ዓመት አልሞላትም ነበር።

እስከ ሐርቡ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄድን። ባለባጃጁ መንገዱ ሲያልቅበት አወረደኝና "ይቺን የእግር መንገድ ይዘሽ ቀጥ በይ፤ ለቅሶ ቤቱ ድረስ ትወስድሻለች" አለኝ።

መንገዷ የማሽላ ማሳ ዳር ዳሩን ነው የምትሄደው። ማሽላው እሸት ይዟል። በስተቀኜ፣ ማሳው መሐል፣ አንዲት አሮጊት ማማ ላይ ቆመው ወንጭፍ ያሽከረክራሉ። ፊታቸው ወደ ማሳው ጫፍ፣ ወፎቹ ወደሚያርፉበት ነው። "ሃይ! ሃይ!" ሲሉ ይሰማኛል።

ከአንድ ግቢ አጥር ሥር ትልቅ ቡላ ውሻ ወጣ። አልጮኸም። ጆሮውን ለጥፎ ዝም ብሎ ወደ እኔ መሮጥ ጀመረ።

ልሩጥ ብል ልጄ ጀርባዬ ላይ ናት። ጀርባዬን ከሰጠሁት የሚያገኘው እሷን ነው። ፊቴን ወደ እሱ እንዳደረግኩ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ያዝኩ። እግሬ ሥር ኮረት ተንሸራተተና በጉልበቴ ወደቅኩ። መነሣት አቃተኝ። ክንዴን ፊቴ ላይ አደረግኩና "ያ አላህ!" አልኩ።

በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር "ሽውው" ብሎ በአጠገቤ አለፈ። ወዲያው ዷ! ውሻው ጩኸቱን ለቀቀው። ክንዴን ሳነሣ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ወደ ግቢው ሲሸሽ አየሁት።

ዙሪያዬን አየሁ። ከአሮጊቷ በቀር ሰው የለም። ሐያት ትጮኻለች፣ እኔም እያለቀስኩ ማሳውን አቋርጬ ማማው ሥር ደረስኩ።

"እናቴ፣ አላህ ይስጥልኝ! ልጄን አተረፉልኝ!"

ወደ ታች አዩኝ። "አብሽሪ ልጄ። ምን ሆነሽ ነው?"

"ውሻው ነዋ! እርስዎ አይደሉ የመቱልኝ?"

"የምን ውሻ? እኔ የወረወርኩት ለወፍ ነው፤ እዚያ" ብለው የማሳውን ጫፍ አሳዩኝ።

የሚቀልዱ መሰለኝ። ምን እንደምል ሳስብ አንድ ጎልማሳ ዱላውን ይዞ እየተቆጣ መጣ። ሙሄ ነው ስሙ፤ የውሻው ባለቤት።

"እማማ ከድጃ! ውሻዬን ሰበሩት!"

"አላየሁትም።"

"'ካላሰርከው አንድ ቀን አሳይሃለሁ' ብለውኝ አልነበር?"

"ብያለሁ። ዛሬ ግን፣ ወላሂ፣ የወረወርኩት ለወፍ ነው።"

ሙሄ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ እዚያው ነበርሽ። አነጣጥረው ነው አይደል?"

አነጣጥረው ነው ብል ያዳኑኝን ሴት ከጎረቤታቸው ማጣላቴ ነው። አይደለም እንዳልል አላውቅም። "ፊቴን ሸፍኜ ነበር፤ አላየሁም" አልኩት። እውነቴን ነበር። የሚደማውን ጉልበቴንና ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጅ ሲያይ ቁጣው በረደ። "አፉ በይኝ እህቴ፣ ማሰር ነበረብኝ" ብሎ ተመለሰ።

እሱ ሲሄድ አሮጊቷን ደግሜ ላመሰግን አፌን ስከፍት "ላልሠራሁት አትመርቂኝ" አሉና ሌላ ድንጋይ አነሡ። ያ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ማሳው ጫፍ ደረሰ። የወፉ መንጋ እንዳለ ተነሣ።

ለቅሶ ቤት ደርሼ ለዘይነባ ነገርኳት። በሻርፗ ጫፍ ጠጠር ቋጥራ ከራሷ በላይ አሽከረከረችው።

"አየሽ፣ ድንጋዩ አንቺ ወዳየሽበት አይደለም የሚሄደው። ገመዱን በለቀቅሽበት ቅጽበት ወዴት እየሄደ ከነበረ፣ በዚያው ቀጥ ብሎ ይወጣል። የዓይን ጥቅሻ ታህል ከዘገየሽ፣ ለፊት ያሰብሽው ወደ ግራ ይሄዳል።"

እኔ የነበርኩት በአሮጊቷ ግራ ነው። "እንግዲያው ስተው ነው" አልኳት።

በለቅሶዋ መሐል ፈገግ አለች። "እማማ ከድጃ? ከልጅነቴ ጀምሮ ሲወነጭፉ አውቃለሁ። እሳቸው አይስቱም።"

"እንግዲያው አነጣጥረው ነዋ።"

ፈገግታዋ ጠፋ። "ወላሂ ብለዋል አላልሽኝም? እማማ ከድጃ በሐሰት አይምሉም።"

"ታዲያ የቱ ነው?"

"እኔንጃ" አለችኝ።

እኔም እኔንጃ። አንዳንድ ቀን፣ የልጄን ነገር አይተው ውሻውን የመቱና፣ ከጎረቤት ላለመጣላት ሲሉ የካዱ ይመስለኛል። መሐላቸው ትዝ ሲለኝ ግን አፍራለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ስተው ነው እላለሁ፤ ያኔ ብርድ ብርድ ይለኛል። ስተው ከሆነማ ያ ድንጋይ ውሻውን ለማግኘት ምንም ምክንያት አልነበረውም። ትንሽ ወደዚህ ቢል የሐያት ራስ ነበር። ያተረፈኝ ድንጋይ ይሁን ያመለጥኩት ድንጋይ፣ ለይቼ አላውቀውም።

ሐያት አሁን መሄድ ጀምራለች። ስትሮጥ ባየኋት ቁጥር ከሶላቴ በኋላ ለእማማ ከድጃ ዱዓ አደርጋለሁ። ሠርተውት ከሆነ ይገባቸዋል። ካልሠሩትም በዚያ ፀሐይ ማማ ላይ ቆመው የሚውሉ አሮጊት ናቸውና ዱዓው አይበዛባቸውም።