የእትዬ መዝገብ እጅ

እትዬ መዝገብ ፕሮፌሰሩን የናቁት ገና ቢሮ በገባ ዕለት ነው። ፕሮፌሰር ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆኖ ሳለ ሰው ሲያናግረው ጣሪያ ጣሪያ ስለሚያይ። እሳቸው ደግሞ መዝገብ ቤቱን ሃያ አምስት ዓመት ስለያዙ ስማቸውም መዝገብ ሆኖ ቀርቷል። በእሳቸው እጅ ፋይል ጠፋ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም።

ክፉ ቀን የመጣው በማውስ በኩል ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ወደ ግራ ሲሏት ወደ ላይ ትፈናጠራለች፤ አለዚያም ድርቅ ብላ ትቀራለች። ፕሮፌሰሩ ተጠራ። ማውሱን ገልብጦ እፍ አለበት። ገመዱን ነቅሎ ሰካው። በማግስቱ አዲስ ማውስ አመጣ፤ ያው ነው። ከዚያ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ እጭናለሁ ብሎ የሁለት ዓመት የፋይል ዝርዝራቸውን ድራሹን አጠፋው። ይቅርታ እንኳ ከአፉ አልወጣም። በመጨረሻ ጠረጴዛቸው ላይ በክርኑ ተደግፎ ሪፖርት ጻፈ፦ ችግሩ የመሣሪያው ሳይሆን የተጠቃሚዋ ነው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

ኃላፊው የቀረበለትን ሁሉ ሳያነብ የሚፈርም ሰው ነውና ፈረመ። እትዬ መዝገብ ከሰኞ ጀምሮ ምድር ቤት ወዳለው የአሮጌ ዕቃ ክፍል እንዲዛወሩ ደብዳቤ ወጣ።

ከሥራ ወጥተው ቤታቸው እንደገቡ መርፌና ክር አወጡ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ክሩ ሳይስት ገባ። እጃቸው ጤና ነው። ግን ለእንዲህ ያለ ሰው ወሬ ብለው የገዛ እጃቸውን መጠርጠራቸው አሳፈራቸው።

ዓርብ ጠዋት ደብዳቤው ደርሶኛል ብለው ሊፈርሙበት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። እስክሪብቶ ሲፈልጉ ማውሱ ወረቀቱ ላይ ወጣ። ቀስቷ ጨዋ ሆነች። ግራ ሲሉ ግራ፣ ቀኝ ሲሉ ቀኝ። ወረቀቱን ሳቡት፤ አበደች። መለሱት፤ አደብ ገዛች።

ያኔ ጠረጴዛውን አዩት። ላዩ ላይ የተኛው ወፍራም መስታወት ለሃያ አምስት ዓመት አገልግሎታቸው መሥሪያ ቤቱ የሸለማቸው ነው፤ ከሥሩ የልጃቸው የምርቃት ፎቶና የድሮ ሰርኩላሮች ተዘርግተዋል። ማውሱ ያበደው ሽልማቱ በገባ ሳምንት ነበር። የማውሱ ሆድ ሥር ያለችው ቀይ መብራት መስታወት ላይ ምንም አትይዝም። የመስታወቱን አንድ ጫፍ ተሸክሞ ያስገባው ደግሞ ራሱ ፕሮፌሰሩ ነው።

ኃላፊው የተፈረመውን ሊወስድ ፕሮፌሰሩን አስከትሎ መጣ። እትዬ መዝገብ አንድ ፋይል ከፈቱለት፤ ቀስቷ ውልፍት አላለችም። ፕሮፌሰሩ ወዲያው ደረቱን ነፋ፤ ትናንት አንድ ነገር ነካክቼው ነበር አለ። ትናንት እዚያ ፎቅ ላይ ዝር አላለም።

«እንግዲያው እስቲ አንተው ሞክረው» አሉና ደብዳቤውን ከማውሱ ሥር ሳብ አድርገው ተነሱለት።

ተቀመጠ። ቀስቷ ተፈናጠረች። ገልብጦ እፍ አለ፤ ባሰባት። ገመዱን ነቅሎ ሰካ። ላብ በላብ ሆነ፤ ኃላፊው ከጀርባው ቆሞ ያያል።

«ምነው ልጄ» አሉት ረጋ ብለው፣ «እጅህ ይንቀጠቀጣል እንዴ?»

ኃላፊው ዝውውሩን ሊሰርዝ ደብዳቤውን እንዲመልሱለት እጁን ዘረጋ። አልሰጡትም። ማውሱ ሥር መልሰው አነጠፉትና ሥራቸውን ቀጠሉ።