በደረጃ ይምጣ

የሚያውቁት ሁሉ ስለ ኪራኮስ ሲያወሩ «ቱግ ይላል፣ ወዲያው ይበርዳል» ይላሉ። ቱግታውን አይተዋል፤ ቂሙን ግን አላዩትም።

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ለኩሽና የሚሆን ድንጋይ በሚቆረጥበት ወርክሾፕ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሱፐርቫይዘሩ ልዑልሰገድ፣ ያገሩ ልጅ፣ ሥራው ይፍጠን ብሎ ብናኙን የሚያስቀረውን ውሃ ያዘጋና በደረቁ ያስቆርጣቸው ነበር። ብናኙ እንደ ዱቄት ቅንድባቸው ላይ ይቀመጣል። ኪራኮስ ሳሉ አልለቅ፣ ትንፋሹም አልበቃ ሲለው ለድርጅቱ ነርስ ያስተረጎመለት ይኸው ልዑልሰገድ ነው። ነርሷም ጻፈች። የጻፈችውን ያወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሳንባው መጠጠሩ ሲነገረው ነው፦ «ግልፍተኛ ነው፤ ሲናደድ ትንፋሽ ያጥረዋል።»

«ልዑልሰገድ ሳንባዬን በጠባዬ አሳበበው» አለ ለሚስቱ ለሰሊና። ከዚያን ቀን ወዲህ ቱግ ማለት ተወ። እሷን ያስፈራትም ይኸው ነው።

ኪራኮስ ጠበቃ መያዙን ሲሰማ ልዑልሰገድ ደነገጠና ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ንጉሴ፣ ደወሉ።

«ልጄ፣ ጥፋቱን አምኗል። በወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣና እግርህ ላይ ይውደቅ።»

«እሺ አባባ፣ ይምጣ። ሊፍት እንዳይነካ ግን ይንገሩልኝ። በደረጃ ይምጣ።»

ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ሲበላሽ እሱ ሦስት ቦታ ተቀምጦ ነው የሚደርሰው። ሰውየው ሲያለከልክ ማየት አማረው፤ ሌላ ካሳ አላሰኘውም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። በፓርኪንጉ ድንጋይ ከየት ይገኛል፤ ልዑልሰገድ ከወርክሾፑ ቁራጭ ይዞ መጥቷል። ኪራኮስ ደረጃው አናት ላይ ወንበር አውጥቶ ጠበቀው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ኮቴው ቆመ። ቀጥሎ ሳል መጣ፦ ደረቅ፣ መጨረሻው ላይ የሚያፏጭ። ኪራኮስ ከወንበሩ ብድግ አለ። ያንን ሳል ሰሊናን እየቀሰቀሰ ዓመት ሙሉ ስሎታል።

ልዑልሰገድ አናቱ ላይ ሲደርስ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ እንዳደረገ ተንበረከከ። «አጥፍቻለሁ...» ብሎ ጀመረና ትንፋሹ ከዳው። «እርጅና ነው መሰለኝ» አለ፣ እየሳቀ።

ኪራኮስ የነርሷን ጽሑፍ ካወቀ ጀምሮ ያጠራቀመው ስድብ ጠፋበት። ሐኪሙ ያለውን ግን አልረሳም፦ ቀድመህ መጥተህ ከብናኙ ብትርቅ ኖሮ ይህን ያህል አይከፋም ነበር። «ሄደህ ሳንባህን ታይ» የምትል አንዲት ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጣች። ዋጣት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለና ድንጋዩን በገዛ እጁ አነሳለት።

ሽማግሌዎቹ መረቁ። አቶ ንጉሴ ዕንባቸውን ጠረጉ። ልዑልሰገድ የኪራኮስን ጉልበት ስሞ ተነሳና ነገ ማለዳ ሥራ እንደሚገባ፣ ትልቅ ትእዛዝ እንደመጣላቸው ነገረው።

«በርታ» አለው ኪራኮስ፤ ሊፍቱንም ራሱ ጠራለት።