ባርኔጣውን አውልቆ የቆመው ሰው

ባለፈው ሳምንት አንድ ሶሪያዊ ሽማግሌ ወደምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ግራጫ ባርኔጣ ይዞ መጣ። እዚህ ጂዳ ቀኑን ሙሉ የምተኩሰው ነጭ ቀሚስና ሽማግ የሚባለው የራስ መሸፈኛ ነው። ባርኔጣ ገብቶ አያውቅም። በእንፋሎቱ ላይ ገልብጬ ስይዘው፣ ግንባር ከሚያርፍበት የቆዳ ጥብጣብ የላብና የፀጉር ቅባት ሽታ ወጣ። ሽታውን አውቀዋለሁ። ካውያውን አስቀምጬ ቆምኩ። አብሮኝ የሚሠራው የመናዊ «ያላ፣ ቶሎ በል» አለኝ። እሺ አልኩት።

እንዴት እንደምጀምርልህ አላውቅም። ወሬ ማስተካከል አልችልበትም።

ነገሩ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፣ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ከወሎ እህቴን ተከትዬ መጣሁ። እሷ ጃሚዓ ሰፈር፣ ከአንዲት ማዳም ቤት ትሠራ ነበር። እኔ ሩዋይስ ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ ከአምስት ወንዶች ጋር በአንድ ክፍል እኖር ነበር። እናት አባታችን ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኝ ነበር። ለኔ እህት ብቻ አልነበረችም፣ እንዲያው ያለችኝ ሁሉ እሷ ነበረች።

ዓርብ ከዐሱር ሶላት በኋላ ማዳሟ ትለቃታለች። የወንዶች ክፍል አትወጣም፣ ነውር ነው። ስለዚህ የሕንፃው ሐሪስ፣ ጠባቂው ማለት ነው፣ ምድር ቤት ያለችውን ክፍሉን ይለቅልን ነበር። በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትና የፕላስቲክ ወንበሩን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል። እሷ እስክትሄድ ተመልሶ አይገባም።

ሰውዬው የአገራችን ሰው ነው። እዚያው ወሎ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ ይል ነበር። አርባን አልፏል። በዚያ ሙቀት፣ ሁሉ ሰው ነጭ ኮፊያ አድርጎ በሚሄድበት መንደር፣ እሱ ግራጫ ባርኔጣ ነበር የሚያደርገው። ለእኩያው ጫፉን በጣት ነካ ያደርጋል። ለሽማግሌ ሙሉ በሙሉ ያወልቃል። ለሴት ከፍ አድርጎ ይመልሰዋል። ለእህቴ ግን፣ ይህንን ማንም አላየው ይሆናል፣ እኔ አይቻለሁ፣ እንደ ሽማግሌ ሙሉውን ነበር የሚያወልቅላት። አውልቆ ደረቱ ላይ ይይዘዋል።

«እንደምን ዋሉ?» ይላታል።

እስቲ አስበው። ማዳሟ ቤት «ያ ቢንት»፣ አንቺ ልጅ ነው የምትባለው። ልጆቹ እንኳ በፉጨት ነው የሚጠሯት። ከጂዳ ሁሉ አንቱ ያላት እሱ ብቻ ነበር። ስትመልስለት ድምጿ ይለወጥ ነበር፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እኔ ያንን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ከየት አመጣችው እያልኩ እበሳጭ ነበር።

እኔም በፊቱ አንቱ እለዋለሁ። በሆዴ ግን አንተ ነበር። ይኸው አሁንም ላንተ ሳወራ አንተ እያልኩት ነው።

እኔ ደግሞ ስፖርተኞች የሚያደርጉትን ኬፕ ወደ ኋላ አዙሬ ነበር የማደርገው። አንድ ዓርብ እህቴ ባለችበት አየኝና፣

«ወንድምዬ፣ ፀሐዩ የሚወጣብህ በማጅራትህ በኩል ነው እንዴ?» አለኝ።

እህቴ ሳቀች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። እኔ ያን ያህል አስቂያት አላውቅም። ኬፑን አውልቄ ከእሱ አልጋ ላይ ወረወርኩት።

«አልጋ ላይ አይቀመጥም» አለኝ ረጋ ብሎ። «የራስ ነገር መኝታ ላይ አይጣልም። ቤት ገብተህም ካላወለቅህ፣ ልሄድ ነው እንደማለት ነው፤ የቤቱ ሰው ይከፋዋል።»

«ስማ እንጂ» አለችኝ እህቴ። «እንዲህ ያለ ነገር ማን ያስተምርሃል።»

ከማዳሟ ቤት በፎይል ጠቅልላ ሩዝና ዶሮ ታመጣልኝ ነበር። መጀመሪያ አንድ ጥቅል ነበር። ከዚያ ሁለት ሆነ። ደጅ ወጥታ ስትሰጠው፣ በሁለት እጇ ነው፣ በተከፈተው በር አያታለሁ። ስትመለስ የኔን ከፍቼ የዶሮው ታፋ አለመኖሩን አየሁ። ወላሂ፣ ያን ቀን አልበላሁም። ራሴን አሞኛል አልኳት። እጇን ግንባሬ ላይ ስታደርግ ደስ አለኝ።

በረመዳን ማግስት ሰውዬው ከደረጃው ሥር ጠበቀኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ይዞታል። ለኔ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ።

«አባት የላችሁም። ወሊዋ፣ የምትድራት አንተ ነህ። ከፈቀድህልኝ እህትህን በሐላል ላግባት» አለኝ።

እንቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። በደግ የሚጠይቅህን ሰው በምን ትመልሰዋለህ? እሺ አልኩት።

የቀረው ካፊሏ ነበር፣ ዋስ ሆነው ያስመጧት ሰው። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የወጣው በማዳሟ አባት ስም ነው። መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሳይፈቅዱ የሚሆን ነገር የለም። ለዓርብ ተቀጠረ። ማዳሟ አባቷን ልትጠይቅ ስትሄድ እህቴንም ለሥራ ይዛት ሄደች።

ሐሙስ እህቴ ደወለችልኝ። የቧንቧ ውኃ ከፍታ፣ በሹክሹክታ ነው።

«ሆዴ፣ ለጋሼ ንገርልኝ። ባርኔጣውን ጂዳ ይተዉት። ነጭ ኮፊያ ያድርጉ፣ እፊታቸውም አያውልቁ። ሽማግሌው ራሱን የገለጠ ወንድ አይወዱም። ባለፈው የልጅ ልጃቸው ባዶ ራሱን ቢገባባቸው ቡና ሳይቀዱለት ነው የመለሱት።»

«ራስሽ አትነግሪውም?»

«ስልኬን መቼ ጠይቀውኝ ያውቃሉ? እኔ ልደውል? አደራ ግን።»

አደራ አለች። ሰማኋት።

ዓርብ በታክሲ ሄድን፣ እኔና እሱ ከኋላ። መስኮቱ አይዘጋም፣ ትኩስ ንፋስና አቧራ ይገባል። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ነው። ኬላውን አልፈን ኢቃማችንን ከመለሱልን በኋላ ከኪሱ ነጭ ኮፊያ አወጣ። አዲስ ነው፣ የእጥፋቱ መስመር እንኳ አልለቀቀም።

«ምን ትላለህ? ይቺን ላድርግ ወይስ እንደ አገሬ ልግባ? እህትህ ያለችው ነገር አለ?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ነገሩ አፌ ላይ ነበር። አዎ፣ ኮፊያውን ያድርጉ ብል አለቀ። እኔ ግን ታየኝ። ዓርብ ሲመጣ ወደኔ ሳይሆን ወደሱ ስትሄድ፣ በዚያ ድምጿ ስታናግረው፣ እኔ ከላይ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጬ።

«እንደለመዱት ይሁኑ ብላለች» አልኩት።

«እንደዚያ አለች?»

«አዎ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኮፊያውን በጥንቃቄ አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰ።

የሽማግሌው ቤት ዳገቱ ላይ ነው። እንግዳ መቀበያው በሄልና በአሮጌ ምንጣፍ ሽታ ታፍኗል። ሽማግሌው ሽማጋቸውን አስተካክለው ትራስ ተደግፈዋል። ሰውዬው ከደፉ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘና እጅ ነሳ። ፀጉሩ ከመሀል ሳስቷል። የባርኔጣው ጥብጣብ ግንባሩ ላይ ቀይ መስመር አውጥቷል። የተራቆተ መሰለኝ።

ሽማግሌው እሱን ትተው እኔን አዩ።

«ወንድ ራሱን ገልጦ የሚቆመው ወይ ለሐጅ በኢሕራም ነው ወይ በመኝታ ቤቱ። ይሄ የመጣው ለየትኛው ነው?» አሉ በዓረብኛ።

«ለእርስዎ ክብር ነው» አለ ሰውዬው፣ በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛው። ባርኔጣውን አልመለሰም። ኮፊያውንም ከኪሱ አላወጣም። ለምን አላወጣም እያልኩ እኔን ነበር የሚያልበኝ።

«ኻላስ፣ አበቃ» አሉ ሽማግሌው። ልጅቷን ለሥራ ነው ያመጣኋት አሉ። ሌላም ብዙ አላሉም። ከውስጥ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ብርጭቆ ከትሪ ጋር ሲንኳኳ ሰማሁ።

በኋላ በስልክ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ነግረሃቸዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«እንግዲያ አንድ ቀን እንኳ ለኔ ሲል ኮፊያ ማድረግ ከብዶታል» አለች። አንተ ስትለው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሽማግሌው እሷን መካ አስቀሯት፣ እንድታስታምማቸው። ዓርብ ቀረ። እኔም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ነበር የማያት። ሰውዬው ደጅ ተቀምጦ «እህትህ ደኅና ናት?» ይለኛል። ከዚህ ሌላ አይጠይቅም። የሰው እህት ጉዳይ መቆፈር ለእሱ ነውር ነበር። እሷም አትጠይቅም። ሁለቱም ወግ አዋቂዎች ነበሩ፣ እኔን ያዳነኝ ወጋቸው ነው። ዓመቱ ሳያልፍ አገሩ ገባ።

እህቴ ዘንድሮ ክረምት ሲገባ በኩላሊት ሞተች። መካ ሆስፒታል ሳለች አንድ ከሰዓት በኋላ ነጩ መጋረጃ በንፋስ ማቀዝቀዣው እየተነፋ፣ «ጋሼ አግብተው ይሆን?» አለችኝ። እንጃ አልኳት። ያን ጊዜ ልነግራት ይገባኝ ነበር። እግሯን እያሸሁላት ነበር። ማሸቴን ቀጠልኩ።

ባርኔጣው በመጣ ማግስት ቁጥሩን ከአገር ሰው ፈልጌ ደወልኩለት። ልነግረው ነበር። እሷን ባልነግራትም እሱን ልነግረው።

«እህቴ ሞተች፣ ጋሼ» አልኩት።

ኢናሊላሂ አለ። አስከሬኗን ማን እንዳጠበ ጠየቀኝ። የት እንዳረፈች ጠየቀኝ። መካ አልኩት።

«ጋሼ፣ ያን ቀን መካ ስንሄድ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እኔ እዚያ አገር አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ሽማግሌዎቹ ባዶ ራስ እንደሚጠሉ ጠፍቶኝ ነው? ኮፊያውን የገዛሁት ለዚያ ነበር። እሷ እንደለመድከው ሁን ካለች በኋላ ግን እንዴት ላድርገው? ነገሩ አልሆነም። ቢሆንም አንድ ሰው እንዳለሁ ወደደኝ ብዬ ኖሬያለሁ። ቀላል ነገር አይደለም።»



«እንዴት ብላ ነበር ያለችው?» አለኝ። «ያኔ መጠየቅ ነውር ነበር። አሁን ግን ልጠይቅህ።»

ከእሱ በኩል የዶሮ ድምፅ ይሰማል፣ አንድ ልጅም ይስቃል። የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«ሳቅ እያለች ነው ያለችው» አልኩት። «ለኔ ብለው እንዳይለወጡብኝ ብላለች።»

«እንደዚያ አለች?»

«ወላሂ።»

ከዚያ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልበላሁም ነበር። በልቻለሁ አልኩት።