ቢላዋ የማይጠይቅ ሥጋ

በጃንሆይ ዘመን፣ የቆቃ ሐይቅ ከተገደበ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ታላቅ እህቴ ከመሳለሚያ ወደ እህል በረንዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ዓሣ ቤት ከፈተች። ባለቤቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር በሳምንት ሦስት ቀን ከቆቃ ዓሣ ያመጣል። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት ሞልቶኛል። ሥራዬ ቅርፊት መፋቅና ሆድ ዕቃ ማውጣት ነበር። ሽታው ሎሚም ሳሙናም አያስለቅቀውም፤ አውቶቡስ ስሳፈር አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ፊቱን ወደ መስኮት ያዞር ነበር።

ቤቷ ጠባብ ናት፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ ወንበር ብቻ። ሆኖም በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚሆነውን መርካቶ ውስጥ ሌላ ቦታ አላየሁም። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ሠርግ ሲደገስ እንኳ ለየብቻ ነው የሚታረደው። ዓሣን ግን የሚያርደው የለም። ስለዚህ የጎጃሙ እህል ነጋዴና የወሎው ልብስ ሰፊ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ከአንድ ትሪ ይጎርሱ ነበር።

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ናቸው፤ ሱቃቸው ከኛ ሦስተኛው በር ነው። ሁልጊዜ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ይመጣሉ። «ይሄ ቢላዋ የማይጠይቅ ሥጋ ነው» ይላሉ። «ማን አረደው አይባል፣ እንዴት ታረደ አይባል። የማንም ደም የለበትም።»

እኔም እንደዚያው አምን ነበር።

አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ያኔም ነበር፤ ይበላል የሚሉት ግን ቤታችንን ይሞሉታል። አንድ ጠዋት ከመኪናው የወረደውን ሳጥን ከፍቼ ዓሣው የተሸፈነበትን እርጥብ ሣር ሳነሳ እጄ ላባ ነካ። አንገቱ የረዘመ ጥቁር የውኃ ወፍ ነው። የናይለን ክር ክንፉንና አንገቱን አንድ ላይ ጠፍሮታል። ዓይኑ አልተከደነም።

«ጣይው፣ ምን ታይዋለሽ?» አለች እህቴ ከምድጃው አጠገብ።

ባሏ ቀለል አድርጎ፣ «ሌላ ጊዜ ዓሣ አጥማጆቹ እዚያው ይጥሉታል፤ ዛሬ ሳያዩት ገብቶ ነው» አለኝ።

«ሌላ ጊዜም አለ ማለት ነው ጋሼ?»

«ወፎቹ መረቡ ውስጥ ያለውን ዓሣ አይተው ይጠልቁና ይያዛሉ። ውኃ ውስጥ እስከ መቼ ይቆያሉ? ያልቅላቸዋል» አለ። ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ፣ «ካላመንሽ ቅዳሜ ነይና እዪ» ሲል ጨመረ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ የሚሸጥልን ዓሣ አጥማጅ መረቡን እየጎተተ ነበር። ቆሮሶው፣ የምንሸጠው ባለ ቅርፊት ዓሣ፣ ፀሐይ ላይ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ከዚያ ወፎቹ መጡ፤ ሁለት የሞቱ፣ አንድ በሕይወት ያለ። ሕያዋን ዓሦችም ወደ ኋላው ወደ ጭቃው ሲወረውር አየሁ። አምባዛ ናቸው፤ ጢም ያላቸው፣ ቅርፊት የሌላቸው። ጭቃው ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«ለምን ወደ ውኃው አትመልሳቸውም?» አልኩት።

«መረቤን የሚበጣጥሱት እነሱ ናቸው። ደግሞ የማትበሏቸው እናንተ ናችሁ እንጂ እኔ ነኝ እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ቅርፊት የሌለው ዓሣ እርም ነው ብለን ያደግን እኛ ክርስቲያኖቹ ነን።

በሕይወት ያለውን ወፍ ተቀብዬ ክሩን ልፈታ ሞከርኩ። አውራ ጣቴን ነክሶ አደማኝ። ክሩ በመጨረሻ ሲለቀው ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ይበራል ብዬ ጠበቅኩ። እስክንሄድ ድረስ አልተነሣም።

ከዚያ ቀን በኋላ ዓሣ እየፋቅኩ ዓሣ መብላት ተውኩ። እህቴ በመጀመሪያ ሳቀች፤ ወሬው ደንበኞቹ ዘንድ ሲደርስ ግን ተቆጣች። «ሽሮ ስትበዪ ገበሬው ሲያርስ ስንት የወፍ ጎጆ እንዳፈረሰ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ከሰው ሁሉ ተለይተሽ ጻድቅ ልትሆኚ ነው?» ወደ ቅርፊት መፋቄ ተመለስኩ። ጥያቄዋ ግን እስካሁን ይከተለኛል።

ልብስ ሰፊው ግን ያየሁትን አንድ በአንድ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ሰምተው ሲያበቁ የያዙትን ቁራሽ ትሪው ላይ መልሰው ወጡ። አራት ቀን አልመጡም። በአምስተኛው ቀን መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ ያልሽው እንቅልፍ ነሣኝ» አሉ። «በግ ስናርድ የአላህን ስም እንጠራለን፤ እናንተም በስመ አብ ትላላችሁ። የምንገድለውን እናውቀዋለን። ለነዚያ ወፎች ግን ማን ምን አለላቸው? ለኛ ብለው እንደሞቱ እንኳ አላወቅንም። ደም የለበትም ስል ኖርኩ፤ ለካ አላየሁትም ነው።»

«ታዲያ ይተዉታል?»

«እሱን አላውቅም። ስተወው ደግሞ ከነዚህ ሰዎች ጋር የምበላው ምን አለኝ?»

መላ የፈለጉት እሳቸው ናቸው። «ቢያንስ አምባዛው በከንቱ አይሙት፤ ለኛ ሐላል ነው፣ ስሩልኝ» አሏት እህቴን። እህቴ ድስቴን አላረክስም ብላ አንገራገረች፤ በኋላ ግን ስለምታከብራቸው ለብቻው መጥበሻ ገዛች። አምባዛው ከቆቃ መጥቶ ተጠብሶ ቀረበ። አጠገባቸው የተቀመጠው የጎጃሙ እህል ነጋዴ ሳህኑን አየና ድርሻውን በሌላ ሳህን አድርጎ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ተሻገረ። በማግስቱም እንደዚያው። ሳምንት ሳይሞላ ክርስቲያኑ በአንድ ጫፍ፣ ሙስሊሙ በሌላ ጫፍ ሆነ።

ልብስ ሰፊው ይህን ሲያዩ አምባዛውን እንድንተወው ነገሩን። «እኔ ለዓሣ ብዬ የምመጣ ይመስላችኋል?» አሉ። ጥፋቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ ብዬ ስለማስብ አንገቴን ደፋሁ።

ከፋሲካ በኋላ የእህቴ ባል ዓሣ አጥማጁን አነጋገረው። በመንጠቆ ብቻ አጥምድ አለው፤ ሰውየው አንድ ወር ሞከረ። ዓሣው በጣም አነሰ፤ ግማሹን ሳምንት ሽሮ ስናቀርብ ሰነበትን። እህቴ ቢያንስ አፏን ሞልታ አልሰደበችኝም። በመጨረሻ ዓሣ አጥማጁ ራሱ ሌላ ዘዴ አመጣ። መረቡን ጥሎ ከመሄድ ይልቅ ታንኳው ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ወፍ ሲቀርብ ታንኳውን በመቅዘፊያው እየመታ ያባርራል፤ ቶሎ ቶሎ ያወጣል። አምባዛውንም ከሌላው ቀድሞ ወደ ውኃው ይመልሳል። ይህን የሚያደርገው ለኛ ብሎ ይሁን መረቡ እንዳይበጣጠስበት፣ ጠይቄው አላውቅም።

የተያዙት ወፎች አነሱ። አላለቁም።

መኪናው በመጣ ቁጥር ሳጥን ሳላወርድ፣ «ስንት ነበር ጋሼ?» እለው ነበር። አንዳንዴ «ምንም» ይለኛል፤ አንዳንዴ «አንድ።» እሱም ሊነግረኝ ሲል ሐይቁ ዳር የተያዙትን ወፎች እየቆጠረ መመለስ ጀመረ።

በዚያው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ልብስ ሰፊውና እህል ነጋዴው እንደ ድሮው ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ጠሩኝ። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ጠጋ አሉልኝ። ያን ቀን የተያዘው አንድ ወፍ መሆኑን አውቃለሁ። ነገርኳቸው። ሽማግሌው፣ ለወፉ ይመስለኛል፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው ጎረሱ። እኔም አማተብኩና ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ከዓሣው ቁራሽ አነሣሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ጣፋጭነቱንም አላስተባብልም።