ያላየነው የፊልሙ ግማሽ

የዚያን ቀን ቤቱ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ሸማኔው ጓደኛዬ፣ መደቡ ላይ ጋቢ ደርቦ ተኝቷል። እናቱ ራስጌው ተቀምጠዋል። የነፍስ አባታቸው ቄሱ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ናቸው። ከወረታ ትምህርት ቤት የመጡት ህንዳዊው መምህር ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ተቀመጡ ቢባሉም እምቢ ብለዋል። አምስተኛው እኔ ነኝ፣ ልብስ ሰፊው። ቤቱ ጠባብ ስለነበረ ጓደኛዬ ሲሸምን እግሩን በሚከትበት ጉድጓድ ውስጥ እግሬን ሰድጄ ተቀምጫለሁ። በላዬ ያላለቀ ጋቢ ድሩ እንደተወጠረ ነበር።

ስም አልጽፍም። የነበረ ሰው ራሱን ያውቃል።

ቤቱ ከወረታ ወጣ ብሎ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ክረምት ውኃው ደጃፉ ድረስ ይመጣል፤ ጥቅምት ላይ ሲሸሽ ጭቃውንና ንዳዱን ትቶ ይሄዳል። ጓደኛዬን የጣለውም ያ ንዳድ ነው።

ነገሩ ግን የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። አንድ ጊዜ ክር ልንገዛ በጭነት መኪና ጎንደር ሄድን። ሾፌሩ የሚመለሰው ወደ ማታ ስለነበረ ሲኒማ ቤት ገባን። ሁለታችንም ሲኒማ አይተን አናውቅም። ፊልሙ የህንድ ነው። ቋንቋውን አንሰማም፣ ነገር ግን ከፊታቸው ሁሉም ይገባ ነበር። አንዲት እናት ወንዝ ስትሻገር ጎርፍ ሕፃን ልጇን ይነጥቃታል። ሌሎች ያወጡትና ያሳድጉታል። እሷ ሸክላ ጡብ እየተሸከመች ታረጃለች፣ እሱ በዚያው ወንዝ ላይ ጀልባ ቀዛፊ ይሆናል። አንድ ቀን ጡቧን አስቀምጣ የእሱ ጀልባ ላይ ትወጣለች። ሕፃን ሳለ አንገቱ ላይ ያሰረችለት ክር አሁንም አለ፤ እሷ ግን ውኃውን እንጂ እሱን አታይም። መቅዘፊያውን አነሳ።

መብራት በራ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። እኛም ተነሥተን ወጣን፣ ወደ መኪናችን ሄድን።

መኪናው ላይ ጓደኛዬ የገዛነውን ክር አቅፎ ተቀመጠ።

«እንዲህ ነው የሚያልቅ?» አለኝ በኋላ።

«ጀልባው ላይ ወጣች፣ እሱም ቀዘፈ። አለቀ።»

«ልጇ መሆኑን ሳታውቅ?»

«ህንዶች እንዲህ ይወዱ ይሆናል።»

«ጋቢ ግማሽ ላይ ቆርጬ ብሰጥህ ትቀበለኛለህ?»

ከዚያ መምህሩ ጋቢ ሊያሠሩ መጡ። ጓደኛዬ መወርወሪያውን እየወረወረ ፊልሙን ከመጀመሪያው አጫወታቸውና በአገራቸው ሰው ላይ ያለውን ቅሬታ ነገራቸው። መምህሩ ሳቁ።

«ያ እረፍት ነው» አሉ። «መብራት ይበራል፣ ሰው ሻይ ይጠጣል፣ ተመልሶ ይገባል። ግማሹ ገና ነው።»

መወርወሪያው እጁ ላይ ቀረ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«እኔ ያን ፊልም አውቀዋለሁ። መጨረሻውን ልንገርህ?»

«የለም፣ መምህር፣ አደራ። በዓይኔ ነው የማየው።»

ወሬው ገበያ ደረሰ። የሚገዛው ሰው ሁሉ «ጋቢው ሙሉ ነው ወይስ መብራት በርቶብህ ተነሣህ?» ይለው ጀመር። እሱም «ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ፣ የቀረውን እሰጥሃለሁ» ይላል። እየሳቀ ይመልስ እንጂ በልቡ ቀልድ አልነበረም። እንደገና ጎንደር ስንሄድ ፊልሙ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌሎች የህንድ ፊልሞች አየን። መብራት ሲበራ እንደተተከልን እንቀራለን፤ ጠራጊው መጥቶ «አለቀ እኮ!» ሲለንም ቶሎ አናምነውም። እኔ የወደድኩት አንድ ዓይነ ስውር ዘፋኝ የጠፋችውን ሚስቱን በገበያ ጫጫታ መሀል በድምጿ የሚያገኝበትን ነው። እሱ የሚመርጠው ባለርስቱ ለልጁ የሸክላ ሠሪ ልጅ ለመጠየቅ በሯ ላይ ጫማውን የሚያወልቅበትን ነበር። ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይል ነበር። ሸማኔን ማን ምን እንደሚለው እሱም እኔም እናውቃለን።

መምህሩ የእነሱ ቋንቋ ቴሉጉ እንደሚባልና በእሱም ፊልም እንደሚሠራ ነግረውናል። አንዱን ሲያወሩልን ሜዳው እንደ ፎገራ በውኃ የተሞላ፣ ሰዎቹ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ሩዝ የሚተክሉበት ነው አሉ። «ይህ ሜዳችሁ እኛ አገር ቢሆን ሁሉም ሩዝ ነበር» ሲሉ እናቱ ሣቁባቸው፤ ውኃ ላይ ማን ይዘራል ብለው።

«እሱስ መቼ ነው የሚመጣ?» አላቸው ጓደኛዬ።

«እሱ አይመጣም። እዚህ የሚመጣው በሌላው ቋንቋችን፣ በሂንዲ የተሠራው ብቻ ነው።»

«ቢሆንም እጠብቀዋለሁ። መጀመሪያ ግን ግማሼን።»

ንዳዱ በያዘው በዚያ ጥቅምት የመኪና ረዳቱ ጀልባና ሴት የተሣሉበት ወረቀት ሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንዳየ ነገረን። ፊልሙ ተመልሷል። ጓደኛዬ ከመደቡ ሊነሣ ሞከረ፤ ተመልሶ ተኛ።

«አንተ ሂድ» አለኝ። «በደንብ እይልኝ። የለበሰችው ሳይቀር ትነግረኛለህ።»

ሄድኩ። መብራቱ ሲበራ ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከዚያ ያላየነው ግማሽ መጣ። ወንዙ ይሞላል። ቀዛፊው ሰዎቹን አንድ በአንድ ያወጣል፣ እናቲቱንም ያወጣታል፤ የመጨረሻውን ሰው ሲያወጣ ግንድ ይመታዋል። ደረቱን ስታብስለት ክሩን ታያለች። ልጄ ትለዋለች፤ እሱም ይሰማታል። ጭኗ ላይ ይሞታል።

ከጎንደር እስከ ወረታ ምን ብዬ እንደምነግረው አሰብኩ።

መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ከጎንደር ስደርስ ቤቱ ውስጥ የነበርነውን ነው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። እያተኮሰውም ያርመኛል፤ «ጡቡን በግራ ትከሻዋ ነበር የምትሸከም» ይላል። እውነቱን ነው፣ በግራ ነበር። እናቱ ጨርቁን ግንባሩ ላይ እያገላበጡ ያዳምጣሉ። ጀልባው ላይ ወጣች፣ መቅዘፊያውን አነሣ አልኩ። ጓደኛዬ እጁን አነሣ። ፊቴን አየኝ፣ ከዚያ እናቱን አየ፣ ከዚያ እንደገና እኔን።

«እዚህ ላይ መብራት ይበራል» አለ። «የቀረውን ስነሣ ትነግረኛለህ።»

«ይጨርስልህ እንጂ ልጄ» አሉ እናቱ፤ «እኔም ጓጉቻለሁ።»

«እረፍት ነው እማዬ። ሕጉ ነው።»

ቄሱ «ይረፍ፣ ይረፍ» አሉ።

ወዲያው ትኩሳቱ ባሰበት። መምህሩ አካሚውን፣ ድሬሰሩን፣ ከጤና ጣቢያ እንድጠራ ላኩኝ። በጭቃው ሮጥኩ፤ ድሬሰሩ አንበሳሜ ሄዷል አሉኝ። የሰጡኝን ክኒን ይዤ ስመለስ ለቅሶውን ከሩቅ ሰማሁት።

በሰልስቱ እናቱ አንድ ነገር ነገሩኝ። እኔ እንደወጣሁ ልጃቸው መምህሩን በእጁ ጠርቷቸው ነበር። መምህሩ ተንበርክከው ጆሮው ላይ ብዙ ተናገሩ። እናቱ ምን እንደሆነ አልሰሙም፤ ልጃቸው ግን ዓይኑን ገልጦ ያዳምጥ ነበር። ቄሱን ጠየቅኳቸው። «መምህሩ በአገሩ ቋንቋ የጸለየለት መሰለኝ» አሉኝ። በየትኛው ቋንቋ እንደነበር ግን እርግጠኛ አይደሉም። መምህሩን ለቅሶ ላይ አየኋቸው፤ ልጠይቃቸው ተጠጋሁና እጃቸውን ጨብጬ ብቻ ተመለስኩ። ለገና ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወሩ፣ ከዚያም አገራቸው ገቡ ተባለ።

በአርባው እናቱ ዕቃ እያጠብን ሳለ ድንገት «ያቺ ሴትዮ ልጇን አገኘችው?» አሉኝ።

«አገኘችው፣ እማማ።»

«እሰይ» አሉና ማጠባቸውን ቀጠሉ። ሌላ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጨመርኩም።

ከዚያ ወዲህ ሲኒማ ቤት አልገባሁም። ጋቢውን እናቱ ከድሩ ላይ እንዳለ ቆርጠው ሰጡኝ፤ ግማሽ ነው፣ እኔም አልዘመዘምኩትም።

ይህን የምጽፈው ያን ቀን ከቤት ወጥቼ ስለነበር ነው። ቄሱ፣ የሰሙት ቃል ኋላ ትዝ ብሏቸው እንደሆነ፤ እናቱም፣ ልጃቸው ሲያዳምጥ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ቢነግሩኝ። ከመምህሩ ጋር ያስተማረና የት እንዳሉ የሚያውቅም ሰው ካለ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅልኝ፤ መጨረሻውን ነግረውት እንደሆነ። ነግረውት ከሆነ ደግሞ፣ እናትየው ክሩን ያየችበት ላይ አቁመውለት እንደሆነ ወይስ ልጁ ጭኗ ላይ እስከሞተበት ድረስ ሄደው።