ያልተነፋው አጭር ፊሽካ

ፈረሰኛ ጦሩ ሲበተን ለሃምሳ አለቃው የተሰጠው ድንጋይ የበዛበት መሬት፣ አብሮት ያገለገለው ፈረስና «ከእንግዲህ ገበሬ ነህ» የሚል ቃል ነበር። ከተሰጠው ሁሉ በደንብ የገባው ፈረሱ ብቻ ነው።

መሬቱን ያደለው መሥሪያ ቤት አንድ ፈረሰኛ ማረስ ይችል እንደሆነ አልጠየቀም። አንድ ግዴታ ግን አስቀመጠ። በሦስተኛው ዓመት ኮሚቴ ይመጣል፤ ባለመሬቱ ራሱ፣ ማንም ሳይረዳው፣ ከአንዱ የወሰን ድንጋይ እስከ ሌላው አንድ ትልም ሳያቋርጥ ያወጣል። ካወጣ መሬቱ ለቤተሰቡ ይጸናል፤ ካቃተው ተመልሶ ይወሰዳል። ሰውን የጉልምስና ዘመኑን ሁሉ ኮርቻ ላይ አስቀምጦ ሲያበቃ በዕርፍ የሚፈትን ደንብ ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እንዲህ ያለ ደንብ መቼም አባት ኖሮት አያውቅም።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል፣ ሌላ ሰው ለእንግዳ ወንበር በሚያኖርበት ቦታ፣ ኮርቻው በእንጨት መደገፊያው ላይ ተቀምጧል፤ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ላይ ይቀመጣል። የአልጋው ብርድ ልብስ ሳንቲም ቢጥሉበት እስኪነጥር ድረስ የተወጠረ ነው። ጫማው ከአልጋው ሥር አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ያድራል። ሃምሳ አለቃው በየማለዳው በሁለቱ ክፍሎች መካከል ቀጥ ብሎ ይቆምና፣

«ሁሉም አለ?» ይላል።

«ካንተ አእምሮ በቀር ሁሉም አለ!» ትላለች ሚስቱ ከማድቤት። በጦሩ ውስጥ የኮርቻ ልብስ ትሰፋ የነበረች ሴት ናት፤ መርፌዋም ምላሷም እኩል ይወጋሉ። ሴት ልጁ ጠጉሯን እያበጠረች ትስቃለች። እርሱ አይስቅም። መልሱን እስኪሰማ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይቆያል፤ ከሰማ በኋላ ወደ በረት ይወጣል።

ፈረሱ ምክትል ይባላል። ስሙን ያወጣለት ራሱ ነው፤ «እኔ ብወድቅ ቀሪውን ሥራ የሚያውቅ እርሱ ስለሆነ» ይላል ሲጠየቅ። እርሻ ላይ ግን ምክትል ሥራውን አላወቀም። ዕድሜውን የገፋው በሰልፍ ነው፤ በቀኙ ሁልጊዜ ሌላ ፈረስ ነበረ። ብቻውን ማረሻ ሲጎትት ያንን የሌለ ፈረስ ፍለጋ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። በመጀመሪያው ዓመት የወጣው ትልም ሁሉ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነበር።

ጎረቤታቸው ትራክተረኛው ሞተሩን አጥፍቶ በአጥሩ ላይ እየተደገፈ ያያቸዋል። «ሃምሳ አለቃ! እያረስክ ነው ወይስ ጠላት እየከበብክ?»

«አንተ መንገድህን ያዝ» ትላለች ሚስት። «የኛ ትልም ቢጎብጥም አያጨስም።»

ሁለተኛው ዓመት ላይ ዘዴውን ያገኘችው ልጅቱ ናት። በፈረሱ ቀኝ ገብታ ትከሻዋን ከትከሻው አጋጥማ መራመድ ጀመረች። ምክትል ተረጋጋ፤ ትልሙም ቀና። እንዲህ ሆኖ አባት ዕርፍ ይዞ፣ ልጅ የጠፋውን ፈረስ ተክታ፣ አንድ ዓመት ሙሉ አረሱ። ሰፈሩ በዚህም ሳቀ፤ «ለልጅቱ ኮርቻ መቼ ነው የምትገዛላት?» የሚል አልጠፋም። ነገር ግን ደንቡ «ማንም ሳይረዳው» ይላል። ሦስተኛው ዓመት ሲቃረብ የቤቱ ወሬ ሁሉ ይኸው ሆነ፤ ልጅቱ ከጎን ከሌለች ፈረሱ ይጎብጣል፣ ፈረሱ ከጎበጠ ከወሰን ድንጋዩ አይደርስም፣ ካልደረሰ ደግሞ ከቤት ይወጣሉ።

ሚስቱ ከኮርቻው ላይ ሁለቱን እርካቦች ፈትታ በአጭር ገመድ አቆራኘቻቸውና በፈረሱ ቀኝ በኩል ካለው የመጎተቻ ጠፍር ላይ አንጠለጠለቻቸው። ምክትል አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ብረት ከብረት ተጋጨ። ጆሮውን ወደ ቀኝ ጣለ። ከጎኑ የሚሄድ ፈረሰኛ ሲኖር የሚሰማው ድምፅ ነበር። ቀጥ ብሎ ሄደ።

«ፈረሱን ሸወድሽው» አላት ባሏ።

«ሃያ ዓመት አብሬህ ስኖር መሸወድ ባልማር ነበር የሚገርምህ።»

ከዚያ በኋላ ያልገባው አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ እርሱም ከእርሻ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ሚስቱ ታሪኩን በቁርጥራጭ እየሰማች ለዓመታት እንደ ልብስ ጠቅማዋለች። አንድ ሸለቆ ነበር፤ ሣሩ እስከ ፈረስ ደረት ይደርሳል። ከጉብታው ላይ ሻምበሉ ረዥም ፊሽካ ነፋ። ረዥም ፊሽካ ማለት ፈረስህን አስተኛ፣ ከጀርባው ተኛ፣ አጭሩ እስኪነፋ አትነሳ ማለት ነው። ይህንን ለሰውም ለፈረስም ያስተማረው ሻምበሉ ራሱ ነበር፤ በዱላም በስኳርም፣ አእምሮ ሳይጠየቅ ጉልበት እስኪታዘዝ ድረስ። ጥይቱ ከላይ አለፈ። አጭሩ ፊሽካ ግን አልተነፋም። ሻምበሉ ፊሽካውን ይዞ ከጉብታው ወዲያ ወርዶ ነበር። ሳይታዘዙ የተነሱት ወደቁ። ሃምሳ አለቃውና ምክትል ተኝተው ዋሉ። ሲመሽ ሬሳ ሊለቅም የመጣ የሌላ ጦር ወታደር ኮሌታውን ይዞ «አንተ፣ በሕይወት አለህ እኮ!» ብሎ አቆመው። ሻምበሉ ግን ሥርዓት ባለው መንገድ ስላፈገፈገ ሜዳሊያ ተሸለመ። ሥርዓቱ ሣር ውስጥ ቀርቶ ነበር።

«እኔ ያን ቀን የተነሳሁት በማን ትእዛዝ ነው?» ይላታል አንዳንዴ፣ ድንች እየላጡ ሳሉ።

«ኮሌታህን በያዘው ሰውዬ።»

«እርሱ እኮ የእኛ ጦር አልነበረም።»

«እንግዲያስ ገና አልተነሳህም! ልጣጩን አቀብለኝ።»

እርሷ ለቀልድ ብላ ነው። እርሱ ግን ልጣጩን ይዞ ይቀራል፤ ነገሩ ትክክል መስሎ ይታየዋልና።

ኮሚቴው በመኪና መጣ። መሬት ቀያሹ ምልክት ያለበትን ረዥም ዘንግ ተሸክሞ ወረደ፤ ጸሐፊው ወረቀቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ተከተለ። ሊቀ መንበሩ መጨረሻ ላይ ወረደ። ወፍሯል፤ ጠጉሩም ሳስቷል። ፊሽካው ግን እዚያው አንገቱ ላይ ነበር፤ አሁን ቀያሾችን ከሩቅ ይጠራበታል። ሃምሳ አለቃው ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠ።

«አንተን የት ነበር የማውቅህ?» አለ ሻምበሉ የነበረው ሊቀ መንበር።

«ከርስዎ ጋር ነበርኩ፣ ጌታዬ።»

«እሺ፣ እሺ። ከእኔ ጋር ብዙ ሰው ነበረ።» ሰዓቱን አየ። «በል ጀምር።»

ልጅቱ ከአጥሩ ወዲያ ቆመች፤ እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት ከኋላዋ አቆላለፈችው። እናቷ በማድቤቱ ደጃፍ ላይ ሆና ሳህን ታጥባለች፤ ያው አንድ ሳህን ነው፣ ደጋግማ ነው የምታጥበው። ማረሻው አፈሩን ነከሰ። እርካቦቹ ተንኳኩ። ምክትል በቀኙ ካለው ከዚያ ከማይታየው ጓዱ ጋር እኩል እየተራመደ ቀጥ ብሎ ሄደ። ትልሙ ከኋላቸው እንደ ተለካ ክር ተዘረጋ። ትራክተረኛው እንኳ ከአጥሩ ላይ ኮፍያውን አወለቀ።

እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ቀያሹ ዘንጉን ይዞ በስሕተት ከሌላ የወሰን ድንጋይ አጠገብ ቆመ። ሊቀ መንበሩ ተበሳጨ፤ ፊሽካውን ወደ አፉ ወስዶ ረዥም አድርጎ ነፋ።

ምክትል የፊት ጉልበቶቹን አጠፈና በጎኑ ተኛ። ሃምሳ አለቃው ዕርፉን ለቆ ከፈረሱ ጀርባ በደረቱ ወደቀ። እርካቦቹ አንዴ ተንኳክተው ዝም አሉ።

«ሰውየው ወደቀ!» አለ ጸሐፊው።

«ፈረሱም ወድቋል» አለ ቀያሹ ከሩቅ፣ ዘንጉን እንደያዘ።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?» አለ ሊቀ መንበሩ።

ሃምሳ አለቃው ሁሉንም ይሰማል። ሣሩ ሣር አለመሆኑን፣ የታጨደ ስንዴ ቅሪት መሆኑን ያውቃል። መሬቱ ሊሄድበት እንደሆነም ያውቃል። ነገር ግን የሚያውቀው ሰው ሌላ፣ የተኛው ሰው ሌላ ሆነውበት፣ የትኛው እርሱ እንደሆነ ግራ ገባው። ትእዛዙን የሰጠው ሻምበሉ ነው፤ የታዘዘው እርሱ ነው፤ ታዲያ ሻምበሉ በምን ተቆጣ?

ልጅቱ አጥሩን ዘልላ ሮጠች። «ጌታዬ፣ አጭሩን ይንፉላቸው!»

«የምን አጭር?»

«አጭሩን ፊሽካ። አለዚያ አይነሱም።»

«አባትሽ ታሟል፣ ልጄ። አላውቅም የምትይውን።»

ከመሬት ሆኖ የሚያይ ሰው ቆሞ ያለ የማያየውን ያያል። ሃምሳ አለቃው የሊቀ መንበሩን እጅ አየ። ፊሽካውን በመዳፉ ውስጥ አድርጎ በአውራ ጣቱ አፉን ደፍኖት ነበር። ፊሽካ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ሰው የፊሽካን አፍ አይደፍንም። የማያስታውስ ሰው እጁን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። ሊቀ መንበሩ ያውቅ ነበር፤ ልጅቱ ተናግራ ሳትጨርስ አውቆ ነበር። አንዴ አጭር ቢነፋ የሚነሱት አንድ ፈረስና አንድ ሰው ብቻ እንዳልሆኑ፣ ያ ሸለቆም አብሮ እንደሚነሳ ገብቶት ነበር። ይህን መዝኖ ሰውየው ተኝቶ እንዲቀር መረጠ። ምርጫውም አዲስ አልነበረም።

«ጸሐፊ» አለ። «ማረስ የማይችል፣ አእምሮው የታወከ ብለህ ጻፍ።»

«አባባ፣ ተነሳ በናትህ! መሬታችን ሊሄድ ነው!»

አባት የልጁን የቀሚስ ጫፍ ያዘ። «ዝቅ በይ» አላት በሹክሹክታ። «ዝቅ በይ ልጄ፤ የሚመቱት የቆሙት ናቸው።»

ልጅቱ አባቷን አየች፣ ሊቀ መንበሩንም አየች፤ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትሰማ ጠፋባት። በመጨረሻ ተንበረከከች።

እናት ሳህኑን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። አልሮጠችም። ከሊቀ መንበሩ ፊት ቆማ የተጨበጠውን እጅ ተመለከተች።

«ያን ቀንም እንዲህ ነበር የጨበጡት?»

«የቱን ቀን?»

«ሜዳሊያ ያስገኘልዎትን ቀን። እነዚህ ሁለቱ ተኝተው የዋሉበትን፣ ሌሎቹ ወድቀው የቀሩበትን።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። ሥራውን የሚወድ፣ ቃል የማያመልጠው ሰው ነበር። «ጌታዬ፣ ይህንንም ልጻፍ?»

የሊቀ መንበሩ ጆሮዎች ቀሉ። ወደ ጸሐፊው፣ ወደ ትራክተረኛው፣ ከሩቅ ዘንጉን ይዞ ወደሚጠብቀው ቀያሽ አየ። ከዚያም ፊሽካውን ወደ አፉ ወሰደና አጭር አድርጎ ነፋ። ደካማ ነበር፤ ግማሹ ትንፋሽ ነው።

ምክትል ተነስቶ ገላውን አራገፈ። ሃምሳ አለቃውም ተነሳ። የጉልበቱን አፈር ጠርጎ፣ የቀሚሱን ጫፍ ለልጁ መልሶ፣ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠ።

«ጌታዬ፣ ይሄ የዛሬው ነው ወይስ የያን ቀኑ?»

«እረስ፣ ሰውዬ» አለ ሊቀ መንበሩ፣ ዓይኑን መኪናው ላይ አድርጎ። «ዝም ብለህ እረስ።»

ሃምሳ አለቃው ዕርፉን ያዘ። እርካቦቹ እንደገና ተንኳኩ። ትልሙ ከወሰን ድንጋዩ ደረሰ።

«ትልሙ ተቋርጧል ልበል?» አለ ጸሐፊው።

«አልተቋረጠም በል።»

«ግን እኮ ጌታዬ፣ መሀል ላይ…»

«አልተቋረጠም አልኩህ! ባለመሬቱ በራሱ እጅ አርሷል፤ መሬቱ ጸንቶለታል። ጨርስና ግባ።»

መሬቱ የጸናለት በዚህ መንገድ ነው። ስላረሰ እንዳይመስል፤ አርሶ ሳይጨርስ ሊነጠቅ ነበር። በቀድሞው አገልግሎቱም አይደለም፤ እርሱን ያስታወሰለት የለም። የተሰጠው የሚስቱ ጥያቄ ሌላ ሰው ፊት ሁለተኛ እንዳይጠየቅ ነው። ለአንድ ሰው ዝምታ የአንድ ቤተሰብ መሬት ዋጋ ሆኖ ተቆረጠ፤ ሊቀ መንበሩም ከኪሱ ምንም ሳያወጣ መኪናው ውስጥ ገባ።

ትራክተረኛው በአጥሩ ላይ ሆኖ አጨበጨበ። ልጅቱ የፈረሱን አንገት አቅፋ አለቀሰች፤ ትስቅም ነበር። ሚስት ባሏ ከቆመበት ከወሰን ድንጋዩ አጠገብ ደረሰች።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«መልስ አልሰጠኝም እኮ።»

«መሬቱን ሰጠህ አይደል?»

«መሬቱን አልጠየቅኩትም።» ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ፊት ነበር። «አሁን የተነሳሁት ከየትኛው ነው? የዛሬው ብቻ ከሆነ የያን ቀኑ አሁንም ይቀራል። የያን ቀኑ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ሳልታዘዝ ነው የማርሰው።»

ሚስቱ የፈረሱን ልጓም ይዛ አዞረችለትና ወደ ቤቷ ሄደች።

ሁለተኛውን ትልም ይዞ ተመለሰ። እኩሌታው ላይ፣ ሁለቱ የተኙበት አፈር ተደፍጥጦ የሰውና የፈረስ ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። እዚያ ሲደርሱ ምክትል ጆሮውን አቀና፤ ቆመ። ሃምሳ አለቃውም ቆመ። ከእርሻው ማዶ ወዳለው ጉብታ አየ፤ መኪናው ከወዲያ ወርዶ አቧራው ብቻ ቀርቷል። ትንፋሹን ያዘ።

«ሁሉም አለ!» ብላ ጮኸች ሚስቱ ከማድቤቱ ደጃፍ።

እርሱ ግን ገና አልጠየቀም ነበር። ጥቂት አሰበ፤ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ቅርጹንም ሳያርሰው ማረሻውን አንስቶ አለፈው።