የተበላው ፈረስ

በሆሳዕና መናኸሪያ የቼዝ ጨዋታ በሰዓት አይለካም፤ የዱራሜ ሚኒባስ እስኪሞላ ነው። ተራ አስከባሪው አሞጽ «አንድ ሰው የቀረው ዱራሜ!» እያለ ይጣራል። አምስት ሰው እንደሚጎድል እሱም ተሳፋሪውም ያውቃሉ። አምስቱ እስኪመጡ ሻይ ቤቱ ደጅ ላይ ከጫማ ነጋዴው ከናስረዲን ጋር አንድ ጨዋታ ይጨርሳል። በቀን አሥራ አምስት፣ በገበያ ቀን ሃያ። እጁ ከዓይኑ ይቀድማል።

«አንተ ሰውዬ፣ ቼዝ ነው የምትጫወተው ወይስ ዝንብ ነው የምታባርረው?» ይለዋል ናስረዲን።

«ዝንብማ ካንተ ይሻላል፤ ቢያንስ ያመልጠኛል» ይላል አሞጽ፣ ንግሥቱን በልቶበት እየተነሳ።

እንዲህ ሲያሸንፍ ሰባት ዓመት አለፈው። ዓምና ግን የዞኑን ቡድን ለመምረጥ በተደረገው ውድድር፣ ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል በሚሰጥበት ረጅም ጨዋታ፣ አራት ጊዜ ገጥሞ አራቴ ተሸነፈ። ከሁሉ ያሳፈረው፣ አራቱንም ጊዜ ንጉሡ ሲወድቅ ገና ከአንድ ሰዓት በላይ ማሰቢያ ተርፎት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከመኪና ተራ ሌላ ስሙን የሚያስጠራለት ይኸው ጨዋታ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ምርጫው ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ሀቢቾ ሄዶ ቼዝ ያስተማሩትን ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ጋሼ ተረፈን አማከረ። በአካባቢው እሳቸውን ያሸነፈ ሰው አይታወቅም።

«ስትፈጥን የምታውቀውን ነው የምትደግመው» አሉት። «አዲስ ነገር የሚገኘው ሲዘገዩ ነው። ከእኔ ጋር አንድ ጨዋታ ግጠም፤ በቀን አንድ እርምጃ። በኃይሉ መኪና ላክልኝ።»

ከዚያ ወዲህ የሀቢቾው ሹፌር ኃይሉ ጠዋት የመምህሩን ብጣሽ ወረቀት ያመጣል፤ ማታ የአሞጽን ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት አሞጽ የኃይሉ ሞተር ሳይጠፋ መልሱን ይጽፍ ነበር። በማግስቱ ወረቀቱ ግርጌ «ቸኩለሃል» የሚል ቃል ይጠብቀዋል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሚኒባስ ጣራ ላይ ወጥቶ የቡላ ጭነት ሲያስር፣ ዝናቡ አንገቱ ውስጥ እየገባ፣ ድንገት በሐሳቡ ሰሌዳ ላይ አንዲት ወታደር ታየችው። አራት ቀን ሙሉ መንገዱን ዘግታበት የኖረች፣ ዞር ብሎም ያላያት አንዲት ወታደር! ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ሰው ዝም ብሎ ከቆመ በስልሳ አራት ቤት ውስጥ ይህን ያህል አገር አለ እንዴ? ከታች «ውረድ እንጂ፣ ሞላ እኮ!» ይሉታል። ይሙላ።

ከዚያ በኋላ ማሸነፍ ጀመረ። መጀመሪያ አንደኛውን የመምህሩን ፈረስ በላ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ግንባቸውን። ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሳቸውን ካሸነፈ ማንም እንደማያቆመው ለራሱ ነገረው። ሌላ ማስረጃ አልፈለገም።

ሐሙስ ጠዋት የመጣው ወረቀት «ፈረሴ ንጉሥህን ቼክ ብሎታል» ይላል።

አሞጽ ሰሌዳውን አየ። ፈረስ የለም። የመጨረሻውን ከበላው አሥር ቀን አልፎታል።

የድሮው አሞጽ ቢሆን ስቆ ያልፍ ነበር። የአሁኑ ግን የተጠራቀሙትን ወረቀቶች ከኪሱ አውጥቶ አንድ በአንድ አነበበ። ጽሕፈቱ ከሳምንት ሳምንት እየተንጋደደ ሄዷል። አንድ እርምጃ ሁለት ቀን ተደግሟል። ግንቡን ለካ እሱ አልወሰደም፤ ተረስቶ ነው የተሰጠው። «ቸኩለሃል» የሚለው ቃልም ከቀረ ሰንብቷል።

ቅዳሜ ሀቢቾ ሄደ። የመምህሩ ባለቤት እትዬ እታለም አጥሩ በር ላይ አስቆሙት።

«ሰሞኑን ጠመኔ ይዘው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው፤ ዘበኛው ነው እጃቸውን ይዞ የሚመልስልኝ።»

ጋሼ ተረፈ በረንዳው ላይ ሰሌዳ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩት።

«ከየት ሰፈር ነህ፣ ልጄ?»

«አሞጽ ነኝ፣ ጋሼ። ከሆሳዕና።»

«አሞጽን ታውቀዋለህ? ጎበዝ ልጅ ነው፤ ይቸኩላል እንጂ» አሉ።

አሞጽ ወደ በረንዳው ቀረብ አለ። ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ነበር። ሠላሳ ሁለቱም ጠጠሮች በየመነሻ ቦታቸው ቆመዋል፤ ግንቦቹም፣ አሞጽ የበላቸው ሁለቱ ፈረሶችም። በእሳቸው ሰሌዳ ላይ እስካሁን የተበላ ነገር የለም።

ሲሸኙት እትዬ እታለም ክንዱን ያዙት። «ሁሉም ሲጠፋቸው የኃይሉን ጥሩምባ ግን ይጠብቃሉ። አደራህን፣ አታቋርጥባቸው።»

ሰኞ ዕለት አሞጽ የራሱን ሰሌዳ ሻይ ቤቱ ደጅ ላይ ዘረጋ። በሁለት እርምጃ ያሸንፋል፤ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግን ማንን ነው የሚያሸንፈው? አድጎ ይሁን፣ መምህሩ ዝቅ ብለውለት ይሁን፣ የሚጠይቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሳቸውም በረንዳው ላይ አላወቁትም። የዱራሜው ሚኒባስ የሚጣራለት ጠፍቶ ተሳፋሪው ራሱ እየገባ ሞላው።

ማምሻውን ኃይሉ ጥሩምባውን ነፋ። «አሞጽ! ሞልቻለሁ እኮ!»

«ትንሽ ጠብቀኝ።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈልገው ጨዋታውን የሚጨርሰውን እርምጃ አልነበረም፤ የሚያስረዝመውን ነበር። እሱን ማግኘት ከሁሉ ከበደው። በመጨረሻ ንግሥቲቱን ወደ መነሻዋ መለሰና ብጣሹ ላይ ጻፈ፤ ከግርጌው «አልቸኮልኩም፣ ጋሼ» የሚል ጨመረበት።